ሲሮጡ የታጠቁት

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች አንድ ነገር ጽፌ እንድሰጣቸው በጠየቁኝ ጊዜ፣ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ አገር ዕድገት ወይም ስለ ወጣቱ ትውልድ ኃላፊነት ለመጻፍ አስቤ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ባዶውን ወረቀት ስመለከት ሰነበትሁና በመጨረሻ ስለ ዳዶ ለመጻፍ ቈረጥሁ። አንባቢ ሆይ፣ አትሣቅብኝ። ዳዶ ስል ሌላ ምሥጢር ያለው ነገር አይደለም፤ የመኪና ጎማ ከመኪናው ሳይለይ እንዲሄድ የሚያደርገውን፣ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም የማይበልጠውን፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ብረት ማለቴ ነው። ስለ አገር ዕድገት የሚጽፉ ብዙ ናቸው። እኔም ብጽፍ ከሰው አፍ የሰማሁትን እደግማለሁ እንጂ የምጨምረው የለኝም። ስለ ዳዶ ግን በገዛ እጄ አጥፍቼ የተማርሁት ነገር አለኝ።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በጋራዥ ውስጥ የምንሰማቸው ብዙዎቹ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ብሎን፣ ዳዶ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ ሁሉ ከዚያው ናቸው። ብሎን የምንለው ጥርስ የወጣለት ዘንግ ሲሆን ዳዶ ደግሞ በዚያ ዘንግ ላይ እየዞረ ገብቶ የሚያጠብቀው ነው። በጣሊያንኛ ግን ዳዶ የሚለው ቃል ለቁማር የሚጣለውን ባለ ስድስት ገጽ መጫወቻም ይጠራበታል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ በሰማሁም ጊዜ በልቤ «እውነት ነው» አልሁ። እኔም አንድ ጊዜ በወላጅ እናቴ ሕይወት ላይ ዳዶ ጥያለሁና።

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ የሦስተኛ ዓመት የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነበርሁ። ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለ ሞተ ያሳደገኝ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እኔም ጋሼ እያልሁ እጠራዋለሁ። ጋሼ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ አንዲት ቶዮታ ኮሮላ አለችው። በእርሷ የኮንትራት ሥራ እየሠራ ቤተ ሰቡን ያስተዳድራል። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄድሁበት ሻንጣም ከዚያች መኪና ጎማ ሥር የወጡ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያ ወር ደብረ ሲና የአክስቴ የባሏ ወንድም ልጅ ሰርግ ነበረ። ሰርጉ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ጋሼ ስልክ ደወለልኝና የመኪናይቱ የጎማ ዳዶዎች ጠርዛቸው እንደ ተበላ፣ መፍቻም እንደማይዛቸው ነገረኝ። አንድ ጎማ አዳሽ በማይመጥናቸው መፍቻ በመዶሻ እየመታ ሲፈታና ሲያጠብቅ ኖሮ ማዕዘናቸውን ክብ አድርጎት ነበር። «ስትመጣ አሥራ ስድስት ዳዶ ገዝተህ ና። አሥራ ሁለት በአንድ ነጥብ አምስት በላቸው» አለኝ። እኔም «ይህን ያኽል ቀላል ነገር ነው እንዴ!» ብዬ በልቤ ሣቅሁ። የብሎንን ጥንካሬ በቀመር አስልቼ በፈተና ከፍተኛ ውጤት ያገኘሁ ሰው ነበርሁና።

ሶማሌ ተራ ሄጄ አሥራ ስድስቱን ዳዶ በአንድ ፌስታል ገዛሁ። ከመሄዴ በፊት አንዱን አሮጌ ዳዶ ናሙና አድርጌ መያዝ እንደ ነበረብኝ ያወቅሁት በኋላ ነው። ዳዶ ሁሉ አንድ አይደለምና። በብዙዎቹ የቶዮታ የቤት መኪኖች ብሎኑ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ከአንዱ ጥርስ እስከሚቀጥለው ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። በብዙዎቹ የኒሳን መኪኖች ደግሞ ውፍረቱ ያው 12 ሆኖ የጥርሱ ርቀት 1.25 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ዓይን አይለያቸውም፤ ብሎኑ ግን ይለያቸዋል። ከዚህም ሌላ የዳዶው መቀመጫ አለ። የቶዮታው የብረት ቸርኬ ዳዶ አፉ እንደ ሾጣጣ ነው፤ የሆንዳው ደግሞ እንደ ኳስ የከበበ ነው። ሾጣጣውን በክቡ መቀመጫ ላይ ብታስቀምጠው በቀጭን መሥመር ብቻ ይነካካል፤ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልተቀመጠም። ከገዛኋቸው አሥራ ስድስት ዳዶዎች አንዱ ጥርሱ ቀጭን ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዙር ከገባ በኋላ አልሄድ አለኝ። መፍቻ አንሥቼ ልታገለው ስል ጋሼ እጄን ያዘኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዳዶ በጣትህ አልገባም ካለህ በመፍቻ አታስገባው። ወይ ዘመዱ አይደለም፣ ወይ ጠሞ ገብቷል። አውጣና ተመልከተው» አለኝ።

አወጣሁት። በእርግጥም ዘመዱ አልነበረም። በእርሱ ፈንታ ከአሮጌዎቹ ደኅና የሆነውን አንዱን መልሰን አስገባን። ጋሼ የቀሩትን አሮጌዎች በአንድ የቲማቲም ጣሳ ሰብስቦ ከመኪናው ኋላ ከተታቸው። እኔ ልጥላቸው ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ጥፋቴ እመጣለሁ። ዳዶ መለወጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ መኪናይቱን ማንሣት እንኳ አያስፈልግም ነበር። ጎማው መሬት ረግጦ ሳለ አንዱን ፈትቶ፣ አዲሱን ተክቶ፣ አጥብቆ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው መሄድ ነው፤ ሦስቱ ሁልጊዜ ታስረው ይቈያሉ። በቤት ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚሻል መንገድ የለም። እኔ ግን ለሰርግ የምትሄድ መኪና ዝገት በበላው ቸርኬ መሄድ የለባትም ብዬ አራቱንም ጎማዎች አውጥቼ ቸርኬዎቹን በብርማ ቀለም ልቀባቸው ተነሣሁ። ጋሼ በዚያን ቀን ለቅሶ ሄዶ ስለ ነበር የሚከለክለኝ አልነበረም።

መኪናይቱን ሳነሣ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁትን ሥርዓት አልረሳሁም። ሜዳ በሆነው በግቢያችን መሐል አቆምኋት፤ የእጅ ፍሬን ያዝሁ፤ ማርሹን አንደኛ አስገባሁ፤ ከምነሣው ጎማ በሰያፍ በሚገኘው ጎማ ግራና ቀኝ ድንጋይ ታኮ አደረግሁ። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ሳይለቅ ግማሽ ዙር ያህል አላላሁ፤ መኪና በክሪክ ላይ ቆሞ ሳለ በመፍቻ የሚታገል ሰው መኪናውን በራሱ ላይ ይጥላልና። ክሪኩንም ለእርሱ ተብሎ በተሠራው፣ ከበሩ ሥር ባለው ጠንካራ ቦታ አገባሁ። ያወጣሁትን ጎማ ከመኪናው ሥር አጋደምሁት። ክሪክ መኪናን ለማንሣት እንጂ ተሸክሞ ለማደር አልተሠራም፤ ድንገት ቢንሸራተት መኪናው የሚያርፈው በጎማው ላይ ይሆናል እንጂ በሰው እግር ላይ አይሆንም።

ቸርኬዎቹን ከፊትም ከኋላም ቀባኋቸው። ዳዶ የሚቀመጥባቸውን ሾጣጣ ቀዳዳዎችም አልተውሁም። እንዲያውም እነርሱን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ቀባኋቸው፤ እንዲያበሩ ብዬ።

ሐሙስ ጧት ጋሼ ባለበት መልሰን ገጠምናቸው። ብሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ ጠረግሁና ዘይት ልቀባቸው ስል ጋሼ «ተው፣ ብሎን ዘይት አይጠጣም» አለኝ። ነገሩ ገረመኝ። ዳሩ ግን ወደ መጽሐፌ ስመለስ እውነቱ ከእርሱ ጋር ሆኖ አገኘሁት። ዳዶ ስናጠብቅ ከምናወጣው ኃይል ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል በሰበቃ የሚያልቅ ነው፤ ብሎኑን የሚስበው አንዱ እጅ ብቻ ነው። ዘይት ሲገባ ሰበቃው ይቀንስና ያው ጉልበት ብሎኑን ከሚገባው እጅግ አብልጦ ይስበዋል።

ዳዶዎቹን በሾጣጣው በኩል ወደ ውስጥ አድርጌ መጀመሪያ በጣት እስከ መጨረሻው አስገባሁ። ከዚያ አንዱን አጥብቄ ጎረቤቱን ሳልነካ በትይዩ ወዳለው ተሻገርሁ፤ በመስቀል አምሳል ማለት ነው። በተርታ ያጠበቁ እንደ ሆነ ቸርኬው በአንድ ወገን ተጋድሞ ይቀመጣል። መኪናይቱን አውርጄ የመጨረሻውን ማጥበቅ አደረግሁ። ለዚህች መኪና የታዘዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው። የሚለካ መፍቻ ስላልነበረን በሒሳብ አገኘሁት፤ 35 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ እንደ ማሳረፍ ነው። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያው መፍቻ ላይ በእግሩ ቢቆም ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በየመንገዱ በመፍቻ ላይ እየዘለሉ የሚያጠብቁትን ሳይ ዛሬ የሚዘገንነኝ ስለዚህ ነው። ብሎን ከልክ በላይ ሲሳብ እንዳረጀ ላስቲክ መመለሻ ያጣል፤ ወይም አንድ ቀን ሳይታሰብ ይበጠሳል።

ይህን ሁሉ ለጋሼ በኩራት አስረዳሁት። እርሱ ግን ሰምቶኝ ሲያበቃ የሚያብረቀርቀውን ቸርኬ በጣቱ ነካ አደረገና፦

«አምራለች። ቀለሙ ግን ገና አዲስ ነው፣ እያደር ይተኛል። እኔ ነገ ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ስሠራባት እውላለሁ። ማታ ስገባ አራቱንም መልሰህ አጥብቃቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለኝ።

አርብ ማታ ጋሼ መኪናይቱን አስገብቶ ቁልፉን ሰጠኝ። የደብረ ብርሃንን የጥር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የቆዳ ጓንት ቢያደርጉበት እንኳ ብረት አያስነካም። የሠፈር ጓደኞቼም ቡና እንጠጣ ብለው ጠርተውኝ ነበር። «ስመለስ አደርገዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ጋሼ ጋቢውን ተከናንቦ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጧል።

«ዳዶዎቹን መልሰህ አየሃቸው?» አለኝ።

«አዎን ጋሼ፣ አይቻቸዋለሁ» አልሁት።

ለምን እንዲህ እንዳልሁ እስከ ዛሬ ራሴን ስጠይቅ እኖራለሁ። መልሱ ቀላል ነው መሰለኝ። በሒሳቤ ተማምኜ ነበር። በትክክል ያጠበቅሁትን ዳዶ ምን ይፈታዋል? የጋሼ ትእዛዝ የአሮጌ ሾፌር ልማድ ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም ብዬ በልቤ ንቄዋለሁ። ጋሼ ግን እኔን አልናቀኝም። «እንግዲያስ ልተኛ» ብሎ ተነሣ። ራሱ ወጥቶ አላየም፤ የእኔን ቃል አመነ።

ቅዳሜ ጧት 12 ሰዓት ተነሣን። እናቴ ከፊት፣ አክስቴና የሰባት ዓመት ልጇ ከእኔ ጋር ከኋላ ተቀመጥን። አክስቴ በኮባ የተጋገረውን ድፎ ዳቦ እንዳይቀዘቅዝ በነጠላ ጠቅልላ በጉልበቷ ላይ አስቀምጣዋለች። መኪናው ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ሴቶቹ ዘፈን ጀመሩ። ገና ጣርማ በር ልንደርስ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩን ከፊት በግራ በኩል «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎም የጋሼ እጅ በመሪው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሼ «ይህ መንገድ ተበላሽቷል» አለ።

እኔ መንገዱ እንዳልሆነ ዐወቅሁ። ከጆሮዬ በፊት ልቤ ሰማው። አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ጽሑፍ አስቸጋሪው መሥመር ይህ ነው፦ ዐውቄ ዝም አልሁ። አንድ ኪሎ ሜትር ዝም አልሁ፤ ሁለተኛውንም ዝም አልሁ። ምናልባት ይተው ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል እያልሁ ስለ ውሸቴ ተጨነቅሁ እንጂ ስለ ጎማው አልተጨነቅሁም። ፊት ለፊታችን በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ዋሻ አለ፤ ከዋሻው ወዲያ መንገዱ በገደሉ ጫፍ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ያን ቁልቁለት ባሰብሁ ጊዜ፣ የሕፃኗ ራስ ደግሞ በትከሻዬ ላይ ተደግፎ አንቀላፍታ ነበርና፣ ድንገት «ጋሼ፣ አቁም!» ብዬ ጮኽሁ።

አቆመ። ወርደን ባየነው ጊዜ ከግራው የፊት ጎማ ካሉት አራት ዳዶዎች አንዱ የለም። ሁለቱ በጣት ይዞራሉ። አንዱ ብቻ በብሎኑ ጫፍ ላይ በጥቂት ጥርሶች ተንጠልጥሏል። የብርማው ቀለም በዳዶዎቹ ዙሪያ ተፈጭቶ እንደ ዱቄት ሆኗል።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «መልሰህ አይተሃቸዋል?» አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«አላየኋቸውም» አልሁት።

አልመታኝም፤ አልተቈጣኝም። ወደ መስኮቱ ሄደና እናቴን «እትዬ፣ ጎማ ነው። ውረዱና ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ ፀሐይ ሙቁ» አላት። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ አንድ ቃል አልተናገረም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ መሐል አንድ የአይሱዙ ሾፌር፣ ጠጕራቸው የሸበተ ሰው፣ ወደ ላይ ሲመጡ አይተውን ቆሙ። ረዳታቸው ታኮውን ይዞ ወረደና በኋላ ጎማችን ሥር ወተፈው፤ ቀጥሎም ቅጠል ቈርጦ ከመኪናችን ፊትና ኋላ ራቅ አድርጎ ጣለ። ሰውየው ጎማውን አዩና «ቀለም ማን ቀባው?» ብለው ጠየቁ። «እኔ ነኝ አባባ» አልሁ። «ለሰርግ ነው?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «ሙሽራ የምትኳለው ፊቷን ነው፤ መቀነቷ ሥር ኩል አይገባም» አሉና ሣቁ። ጋሼም በዚያ ጧት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

የቸርኬው ቀዳዳዎች ተቦርቡረው ስለ ነበር ያን ጎማ መልሰን አልገጠምነውም። ትርፉን ጎማ አወጣን፤ እርሱን አልቀባሁትም ነበርና ደኅና ነበረ። ለጎደለው ዳዶ ጋሼ ያስቀመጠው የቲማቲም ጣሳ መጣ። ልጥለው የነበረው ጠርዙ የተበላ አሮጌ ዳዶ በመፍቻው እንደ ምንም ተይዞ ጠበቀ። የሦስቱን ሌሎች ጎማዎች ዳዶዎችም ስናጠብቅ ሩብ ዙርም ግማሽ ዙርም የሄዱ ነበሩ። ሲያበቃ ሰውየው «የጥፍር ቀለም ያላት ሴት የለችም?» አሉ። አክስቴ ለሰርጉ የገዛችውን ቀይ ቀለም አወጣች። ከየዳዶው ጀምሮ እስከ ቸርኬው አንድ አንድ ቀጭን መሥመር አሰመሩ። «ዳዶው ንቅንቅ ካለ መሥመሩ ይሰበራል። ቆማችሁ በዓይን ብታዩት ይበቃል» አሉን። ሊሄዱ ሲነሡ ረዳታቸው የጣለውን ቅጠል በሙሉ እንዲያነሣ አዘዙት፤ ብዙዎች የሚረሱት ነገር ነው።

ጋሼ ሴቶቹን በሚያልፍ ሚኒባስ አሳፈራቸው። እኛ ሁለታችን በዝግታ ወረድን። በአምስት በአምስት ኪሎ ሜትር እየቆምን ቀዩን መሥመር አየን። አልተሰበረም።

ከዚያ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመለስ የሆነውን በሒሳብ መረመርሁት። የጎማ ዳዶ ቸርኬውን እንደ ችካል ደግፎ የሚይዝ ይመስለን ይሆናል፤ እንዲያ አይደለም። ዳዶው ብሎኑን ይስበዋል፤ የተሳበው ብሎን እንደ ጠምዛዛ ሽቦ ለመመለስ ሲታገል ቸርኬውን ከኋላው ካለው ብረት ጋር አጥብቆ ያጣብቀዋል፤ መኪናውን የሚሸከመው ያ መጣበቅ ነው። በ103 ኒውተን ሜትር የጠበቀ አንድ ዳዶ በደረቅ ብሎን ላይ ከአራት ሺህ ኪሎ የሚበልጥ ጫና ይፈጥራል። አራቱ ሲደመሩ ከአሥራ ሰባት ሺህ ኪሎ ያላነሰ ይሆናል፤ መኪናይቱ ግን ራሷ አንድ ሺህ ኪሎ ያህል ብትመዝን ነው። እንግዲህ ኃይሉ ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ኃይል የሚሰጠው የብሎኑ መሳብ ግን ባሰላሁት መጠን 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ጠጕር ውፍረት እንኳ አይሞላም። እኔ በዳዶው መቀመጫ ላይ ሁለት ጊዜ ደራርቤ የቀባሁት ቀለም ከዚያ የሚወፍር ነው። ቀለሙ በጫናው ተፈጭቶ ሲያልቅ ብሎኑ የተሳበበት ርቀት ሁሉ ተመለሰ፤ ጫናውም ጠፋ። ሒሳቤ አልተሳሳተም ነበር። የተሳሳትሁት ብረት በብረት ላይ ተቀምጧል ብዬ ማሰቤ ነው።

አዲስ የተገጠመ ጎማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ዳዶው መልሶ መታየት አለበት የሚባለውም ለዚሁ ነው። ዝገት፣ ቀለም፣ አቧራ ሁሉ በጉዞ ይተኛል። ጋሼ ይህን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ በስድስት ሰከንድ ነግሮኝ ነበር። እኔ ቀመር ስላላየሁበት ዕውቀት አልመሰለኝም።

ጋሼ ለዚያ ጎማ አራት አዲስ ብሎኖችና አንድ ያገለገለ ቸርኬ መግዛት ግድ ሆነበት፤ መኪናይቱም ሁለት ቀን ያለ ሥራ ቆመች። ከተቈጠበችኝ ጥቂት ገንዘብ ልከፍል ብለምነው እንዲህ አለኝ፦ «ገንዘቡን ተወው። ብሎን ይገዛል። እኔ ያን ዕለት ማታ ወጥቼ ያላየሁት አንተ አይቻለሁ ስላልህ ነው። ሁለተኛ ሳታይ አይቻለሁ አትበለኝ፤ አላየሁም ብትለኝ ራሴ ወጥቼ አያለሁ።»

ይህ ንግግር ከመጽሐፍ ካገኘሁት ሁሉ በለጠብኝ። ዳዶውን አለማጥበቄ ስንፍና ነው፤ ስንፍና በሌላ ሰው ትጋት ይሸፈናል። «አይቻለሁ» ማለቴ ግን የጋሼን ትጋት ገደለው። ሊያድነን ይችል የነበረውን ሁለተኛ ዓይን የጨፈንሁት እኔ ነኝ።

እናቴ የሆነውን የሰማችው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2014 ዓ.ም. ከራሴ አፍ ነው። ቡና እያፈላች ነበር። ሰምታ ሲያበቃ ጀበናውን አስቀመጠችና «እኔስ ጋሼህ ጎማ ነው ሲለኝ ፊትህን አይቼ ዐውቄዋለሁ። እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት» አለችኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ ነው።

ዛሬ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ተመልሼ ከእናንተ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ እገኛለሁ። ዳዶ ስለውጥ አንድ በአንድ እለውጣለሁ፤ አሮጌውን ይዤ ሄጄ አዲሱን ከእርሱ ጋር አስተያያለሁ፤ በጣቴ ያልገባውን አላስገድድም፤ መቀመጫውን እስከ ብረቱ እጠርጋለሁ፤ በመስቀል አጠብቃለሁ፤ በማግሥቱ መልሼ አያለሁ። ለዚህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይፈጅብኝም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጥቂት ዓመት ሳይቈይ ከመካከላችን አንዱ የድልድይ ሥራ ይረከባል፣ አንዷ መድኃኒት ታዝዛለች፣ ሌላው የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ይመረምራል። በየጠረጴዛችን ላይ ወረቀት ይቀርብልናል፤ ከግርጌውም «ታይቷል» ብለን እንፈርማለን። ከፊርማችን በኋላ ሌላ ሰው ወጥቶ አያይም፤ እኛን አምኖ ይተኛል። እንግዲያስ ብርድም ቢሆን፣ ቡናም ቢጠራን፣ ከመፈረማችን በፊት መብራታችንን ይዘን ወደ ደጅ እንውጣና ዳዶውን እንየው። ካላየነውም «አላየሁም» እንበል።